የአዋላጇ መኪና ፉጨት

አባቴ ከጋራዥ ሥራው የወጣው ኩሩ ስለሆነ ነው ብዬ አምን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ነው የደረስኩበት። ሰው ከኋላው ሲጠራው ዞር አይልም። ጎረቤት "እንዴት አደርክ?" ሲለው አንዳንዴ ዝም ብሎ ያልፋል። ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ የጠየቀውን ትቶ የራሱን ይናገራል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋል። የጓደኞቼ አባቶች በየደረሱበት "አቤት ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ" ሲሉ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ፤ የኔ አባት ግን ለማንም የማይበገር። የእሱ ልጅ መሆኔ ይታወቅልኝ ብዬ እኔም አንድ ቀን አስተማሪዬ ስትጠራኝ ሆን ብዬ ጭጭ አልኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆሜ ዋልኩ። እማዬ "ምን ነክቶሽ ነው?" ስትለኝ "እንደ አባዬ ልሁን ብዬ" አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

የጋራዡ ባለቤት አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ በር ላይ ቆሞ ከእማዬ ጋር ያወራል፤ አባዬ ግቢው ጥግ ጀርባውን ሰጥቶ መፍቻዎቹን በጨርቅ ይወለውላል።

"እጁማ ወርቅ ነው" አለ ሰውየው። "እጁን ማን ይጠላል? ግን የሰው ሕይወት ነው፤ ምን ላድርግ?"

እማዬ መሬት መሬት እያየች "እኔስ ምን እልሃለሁ" አለችው።

ሰውየው ወደ አባዬ ዞሮ "በል ደህና ሁን!" አለ። አባዬ ቀና እንኳ አላለም። ሰውየው ባርኔጣውን አጥልቆ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ሊለምነው መጥቶ አባዬ እንደ ኢምንት የቆጠረው መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ሌላ መሆኑን እማዬ የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የአባዬ ጆሮ መድከም ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጭንቅላቱን ሞተር ውስጥ ቀብሮ፣ ብረት በብረት ሲቀጠቅጥ እየዋለ፣ መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ከዳው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ የሰው ንግግር። እሱም ለማንም ሳይናገር የሰው ከንፈር ማየት ለመደ። በመጨረሻ ነድቶ ሞክሮ "ደህና ናት" ብሎ ያስረከባት አንዲት መኪና የፊት ጎማዋ መንገድ ላይ ወለቀ። ጎማው ከመውለቁ በፊት ሰፈሩ እስኪሰማ ይጮህ ነበር አሉ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ባለቤቱ ግን ከዚያ ወዲያ አባዬ የነካውን መኪና ለሰው መስጠት ፈራ።

አጎቴ፣ የእማዬ ወንድም፣ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለሰው ችግር ሁሉ መፍትሔ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ለአባዬ አንድ መጋዘን ውስጥ የጥበቃ ሥራ አገኘለት። "ቁጭ ብሎ በር ማየት ነው፤ ምን ይከብዳል?" እያለ እማዬን ሲወተውት ሰማሁት።

"እሱን ዘበኛ?" አለች እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ። "ሌባው ራሱ ያዝንለታል እኮ!"

ሌባ ለአባዬ የሚያዝንበት ምክንያት አልታየኝም። ማዘን ካለበት ለራሱ ይዘን አልኩ በሆዴ።

በዚያው ሰሞን አባዬ ለእማዬ የተናገረውን ግን በደንብ ነው የሰማሁት፤ ድምፁን መመጠን ትቶ ስለነበር በሹክሹክታ የሚናገረው ሁሉ ደጅ ድረስ ይሰማል። "የአዋላጇን መኪና ልሞክር" አላት። "እሷን በትክክል ሠርቼ ካስረከብኩ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ እየሠራሁ እኖራለሁ። እሷንም ካበላሸሁ በቃ፣ መፍቻዎቼን ሸጬ ወንድምሽ ያለው ቦታ እገባለሁ።" መፍቻዎቹ ሊሸጡ! ከአባዬ መፍቻዎች መለየት ጭራሽ አልታሰብ ብሎኝ ራት መብላት አቃተኝ። አንዱን መርጬ አልጋዬ ሥር ልደብቅ ሁሉ አስቤ ነበር።

አዋላጇ ትልቅ ሴትዮ ናቸው። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ ስለሆኑ ማንንም አይፈሩም፣ ማንንም አያፍሩም። ያቺን ነጭ አሮጌ መኪናቸውን እያንተፋተፉ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን አስገቧት። መሪውን ለቀው ሳይወርዱ ሞተሩ ጠፋ።

"አየህ ጉዷን!" አሉ ለአባዬ። "በየመስቀለኛ መንገዱ እንዲህ ነው የምትሞትብኝ። ምጥ የያዛት ሴት እኔን ትጠብቃለች፣ እኔ መንገድ ላይ መኪና እገፋለሁ። ሥራዬ እኮ ሌላውን 'ግፊ' ማለት ነው!"

አባዬ ከንፈራቸውን ትክ ብሎ እያየ ሳቀ። ካንዴላዋ ተቀይሯል፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተሯም ታጥቧል፣ ለውጥ ግን የለም አሉት። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳው። ሞተሩ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ሊጠፋ ሲል እንደገና ይነሳል። አባዬ መዳፉን አሳርፎበት ዓይኑን ጨፈነ።

"አየር እየሳበች ነው" አለ ዓይኑን ሲገልጥ። "በማይገባት በኩል ነው የምትስበው። የሆነ ቦታ ጋስኬቷ ለቋል።"

ጋስኬት ማለት ሁለት ብረት በሚገጣጠምበት መሐል የሚገባ ጠንካራ ወረቀት ነው። እሱ ከተበላ ሞተሩ የተመጠነለትን አየርና ቤንዚን ትቶ ከጎን የሰረቀውን ይተነፍሳል። ይህን ያስረዳኝ እዚያው ቆመን ነው። ከዚያ ከዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ አወጣና ሰጠኝ።

"ይኸው፣ ይህን ጫፍ ጆሮሽ ላይ ያዢ። በሌላኛው ጫፍ መጋጠሚያ መጋጠሚያውን ቀስ እያልሽ ዙሪ። ፉጨት ስትሰሚ ቦታውን አሳዪኝ።"

ፈተና መሆኑ ወዲያው ገባኝ። አባዬ የሚያፏጨው የት እንደሆነ ልቅም አድርጎ ያውቃል፤ እኔን ሊፈትነኝ ነው። ካልሆነማ አዋላጇን የሚያህል ትልቅ ሰው ባለበት አንዲት ፍሬ ልጅ ሞተር ላይ ለምን ያቆማል? እማዬ ከበረንዳው ወርዳ ፀጉሬን ጎትታ አሰረችልኝ፤ "ማራገቢያውን ወዮልሽ፣ እጅሽን እንዳታስጠጊ" ብላ ተመለሰች። ስፌቷን ግን አልቀጠለችም። የስፌት መኪናዋን ፔዳል እግሯ ሥር አቁማ ቁጭ አለች። ፈተናዬን ልታይ ነው ብዬ ይበልጥ ተኮፈስኩ። ዛሬ ሳስበው የኔን ጆሮ ላለመረበሽ ነው ያቆመችው።

በቱቦው ውስጥ የሚሰማው ዓለም ሌላ ነው። አንድ ቦታ እንደ መዶሻ ይመታል፣ ሌላ ቦታ እንደ ውሃ ይንዶቆዶቃል። ካርቡራተሩ ሥር ስደርስ ጥርስ መሐል እንደሚወጣ አየር "ስስስስ" አለ። "እዚህ ጋ!" ብዬ ጮህኩ። አባዬ በጣሳ ውሃ አመጣና ካሳየሁት ቦታ ላይ ጠብ አደረገ። ሞተሩ ውሃውን ሳበውና ትንታ እንዳነቀው ሰው ተንተፋተፈ። አባዬ መንተፋተፉን በመዳፉ አገኘው። "ጎበዝ!" አለኝ፤ ጎበዝ ሲል ደግሞ ድምፁ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ፈተናውን አለፍኩ ማለት ነው።

ለዚያ ቦታ የሚሆን ጋስኬት በእጁ ስለነበረው ፈትቶ ቀየረው። ይህን ሲያደርግ አጎቴ መጣ። የመጋዘኑ ሰዎች ዛሬ ቁርጡን ንገሩን ብለውታልና መልስ ሊሰማ ነው። ሱሪው እንዳይነካበት ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ቆመ።

አባዬ ሞተሩን እንደገና አስነሳው። ሞተሩ አልጠፋም። መንቀጥቀጡም ቀንሶ ነበር። መዳፉን አሳርፎ አዳመጠና ፊቱ በራ። "ይሂዱ እትዬ፣ ተፈውሳለች" አለና ዕቃዎቹን ሊሰበስብ ጎንበስ አለ። አዋላጇ ምርቃታቸውን እያዥጎደጎዱ መሪው ላይ ተቀመጡ።

እኔ ቱቦውን አልመለስኩም ነበር። የፈተናው ጣዕም አልጠግብ ብሎኝ ዝም ብዬ ሞተሩን ሳዳምጥ፣ ቅድም ከነበረው ዝቅ ብሎ፣ ማኒፎልድ የሚሉት ወፍራም ብረት ከሞተሩ ጋር ከሚጋጠምበት በኩል ሌላ ፉጨት ሰማሁ። በጣም ቀጭን ነው። የላይኛው ሲጮህ ይህኛው ተሸፍኖ ኖሯል።

"አባዬ፣ አሁንም ታፏጫለች።"

አባዬ ዕቃውን መሰብሰቡን ቀጠለ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። አጎቴ ሳቀብኝ። "አንቺ ደግሞ! አንዴ ጎበዝ ሲሉሽ ለመድሽ? ሥራው አልቋል፤ ዞር በይላቸው ይሂዱበት።"

እማዬ ግን ከበረንዳው እየሮጠች ወረደች። አባዬን ትከሻውን ነክታ አዞረችውና ፊት ለፊቱ ቆማ ቃላቱን አንድ በአንድ አስቀመጠችለት። "ልጅህ አሁንም አለ ትላለች።"

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት አሁንም ይታየኛል። የሁለተኛው ፈተና ይህ ነው አልኩ፤ እያወቀ ዝም ብሎ ሊሸኛቸው የነበረው በሰው ፊት ደፍሬ እናገር እንደሆነ ሊያይ ነው። ስለዚህ ዓይኔን አልሰበርኩም።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"የቱ ጋ?"

አሳየሁት። አባዬ መዳፉን እንደገና ሞተሩ ላይ አደረገ፤ አነሳ፤ እንደገና አደረገ። መዳፉ ምንም እንዳላለው ዛሬ አውቃለሁ። ያ እጅ ዕድሜ ልኩን ዋሽቶት አያውቅም፤ ያን ቀን ደግሞ ደህና ናት ይለዋል። እኔ ደህና አይደለችም እላለሁ። አጎቴ ቆሟል፣ አዋላጇ ማርሽ አስገብተዋል፣ መፍቻዎቹ ሣጥኑ ውስጥ ናቸው። ጥፋተኛ እኔ ብሆን የተሠራች መኪና በልጅ ወሬ አስቁሞ ይዋረዳል። ጥፋተኛው መዳፉ ቢሆን ደግሞ ያቺ መኪና በማግስቱ ምጥ ወዳለበት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ትቆማለች። እኔ ይህ ሁሉ በኔ ላይ እንዳለ ሳላውቅ ቱቦዬን ይዤ ተገትሬያለሁ።

"እትዬ፣ ያጥፉት" አለ አባዬ። "ዛሬውኑ ይሠራል፤ እንዲህ እንዳለች ግን አልሰጥዎትም።"

"ኧረ ሰውዬ! በልጅ አፍ?" አለ አጎቴ።

አባዬ መልስ አልሰጠውም። ኩራት ማለት ይህ ነው አልኩ። አጎቴን እንዳልሰማው አሁን አውቃለሁ። ቢሰማውም መልስ ይሰጠው ነበር ብዬ ግን አላስብም።

ማኒፎልዱ ሲፈታ ሰዓቱ ሄዶ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታ ነበር። ብረቱ ተነስቶ ሲገለበጥ አባዬ በምላሱ "ጭ!" አለ። አንድ ሰው ከዚህ በፊት አሮጌውን ጋስኬት በደንብ ሳይፍቅ በላዩ ላይ አዲስ ደርቦበታል። በአንደኛው ጥግ ተቃጥሎ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ቦታው እኔ ያሳየሁት ጥግ ነው። አባዬ ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ። እማዬም አየችው። ከዚያ አንገቷን ወደ ሌላ አዞረች።

ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወትፎ በስለት ይፍቅ ጀመር። አጎቴም ዝም ብሎ መቆሙ ከብዶት እጅጌውን ሰበሰበና ቡሎኖቹን በቤንዚን ማጠብ ጀመረ። በኋላ የዚያን ሱሪ ነገር ለዓመት አንስቷል። ለማኒፎልዱ የሚሆን የተዘጋጀ ጋስኬት ስላልነበረ አባዬ ከጥቅል ላይ የጋስኬት ወረቀት ቀደደና ብረቱ ላይ ዘረጋው። በመዶሻ ጀርባ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያለ ሲመታው የብረቱ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ቀጥሎ በቢላ ሊቆርጠው ሲል ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ተተለተለ።

ያኔ እማዬ የልብስ መቀሷን ይዛ መጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በቤታችን በልብስ መቀስ ወረቀት መቁረጥ ከስርቆት አይተናነስም። ወረቀት ስለቱን ያደነዝዘዋል። የትምህርት ቤት ሥዕል በእሱ ቆርጬ የቀመስኩትን ኩርኩም አናቴ አይረሳውም። አሁን እማዬ ራሷ ያንን መቀስ ይዛ "ወዲህ በለው፣ አንገትጌ ማለት እኮ ነው" ብላ ወረቀቱን ከአባዬ እጅ ወሰደችና ኩርባውን ሁሉ ሳታዛንፍ ዞረችው። ዓለም ተገለበጠች ብዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መቀሷን የምትሰዋለት ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ባውቅ ኖሮ አፌ ሳይሆን ዓይኔ ነበር የሚሞላው።

አባዬ ቡሎኖቹን ሲያስር "እዪኝ" አለኝ። "ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር። አንዱን አጥብቀሽ አትጨርሺም፤ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያልሽ ነው። አለበለዚያ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይከፈታል።" የመጨረሻዋን እኔ እንዳጠብቅ መፍቻውን ሰጠኝና እጁን በእጄ ላይ አድርጎ አብረን አሰርናት።

ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። አባዬ ወደ ሞተሩ አላየም፤ እኔን ነው የሚያየው። እኔ ቱቦውን ይዤ ዞርኩ። ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፣ ከዚያኛው ጥግ። ፉጨት የሚመስለው የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ትንፋሼን ይዤ እንደገና አዳመጥኩ።

"የለም" አልኩት።

አባዬ በረጅሙ ተነፈሰ። ውሃ አላፈሰሰም፣ መዳፉንም አላሳረፈም። ኮፈኑን ዘጋው። "እትዬ፣ ይኸው መኪናዎ" አለ።

አዋላጇ ሞተሩ ሳይንተፋተፍ ሲሠራ ሰምተው እልል አሉ። "ለመሆኑ ማን ነው በመጨረሻ ያገኘው?" አሉ እየሳቁ።

"ልጄ ናት ያገኘችው" አለ አባዬ። "እኔ ፈትቼ ያሰርኩ ነኝ።"

ሁሉም ሳቀ። አዋላጇ ጉንጬን ቆነጠጡኝና "ስትወለጂ የቤቱን ጣራ በጩኸት ያነሳሽ አንቺ አይደለሽ? ለካ ጆሮም አብሮ ተሰጥቶሻል!" አሉኝ። እኔ ግን በጣም ተናደድኩ። ዕቃ ላቀበለች ሕፃን "አንቺ እኮ ነሽ የሠራሽው" እንደሚባለው መሰለኝ። አባዬ ሁሉንም ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ታዲያ ለምን ያባብለኛል? ከንፈሬን ጥዬ ወደ ቤት ገባሁ። እማዬ ያኔ ሥራ በዝቶባት ሳይሆን አይቀርም አልተከተለችኝም። በዚያች ቅጽበት ከሁሉም መሐል ያልሳቀው አባዬ ብቻ እንደነበረ ያስተዋልኩት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

የመጋዘኑ በር ሌላ ሰው አገኘ። አዋላጇ በሄዱበት ቤት ሁሉ የግቢያችንን አድራሻ ተናገሩ፤ ወሬ ከእሳቸው ጋር በፍጥነት ይሄዳል። አባዬ በዚያ ግቢ ውስጥ ፀጉሩ እስኪሸብት ሠራ። ደንበኛ ጠዋት ሲመጣበት "ከሰዓት በኋላ ይምጡ" ይላል፤ ከሰዓት ደብተሬን ወርውሬ ቱቦዬን አነሳለሁ። የጠዋት እንቅልፍ የሚወድ እየመሰለኝ ለጓደኞቼ አባቴ ሰነፍ ነው እያልኩ አሾፍበት ነበር።

አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮ ሐኪም ዘንድ የሄደው እኔ ልጅ ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ ነው። ጎትቼ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወጣቱ ሐኪም መርምሮ ሲጨርስ ውጤቱን አየና ግራ ተጋባ።

"ይህ እኮ የቆየ ጉዳት ነው፤ ብዙ ዓመት ሆኖታል" አለ። "በዚህ ጆሮ እንዴት ሞተር ሲሠሩ ኖሩ?"

አባዬ አልሰማውም። ወደ እኔ ዞረ። ጥያቄውን በጆሮው ደገምኩለት። ሐኪሙን አየውና ነገሩ ቀላል ሆኖ ሳለ ያልገባው እንደሆነ ሁሉ እጁን ዘረጋ።

"ጆሮማ ነበረኝ" አለው፣ ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ እየተሰማ። "ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄድብኝ ነበር እንጂ።"

ሐኪሙ ምንም አልገባውም። ብዕሩን አንጠልጥሎ እኔን ተመለከተ። "ምን ማለታቸው ነው?" አለኝ።

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

"እኔን ማለቱ ነው" አልኩት።